ሩቅ ለሚሄዱ ሁለት ሰዎች የተሠራች መኪና

ኅዳር 5

ለምወድሽ የወንድሜ ልጅ፣ ለፍሬቻ፤

ከሁሉ በፊት ጤናሽን እጠይቃለሁ። እኛ ደህና ነን፤ አባትሽ ደህና ነው፣ እኔ ደህና ነኝ፣ ጋራዡም ደህና ነው፣ ጣሪያው ብቻ ዝናብ ባየ ቁጥር ያለቅሳል። የዚያ ሆቴል እንፋሎት ፊትሽን እንዳያጠወልገው፣ የአለቃሽንም ልብ አምላክ እንዲያራራልሽ ከዚህ ሆኜ መርቄሻለሁ። ምርቃቴን መንገድ ላይ ካልፈተሹት ሳይጎድል ይደርስሻል።

ለምን በስልክ እንደማልነግርሽ ታውቂያለሽ። ስልክ ላይ ሦስታችንም «ደህና ነን» ተባብለን፣ አባትሽ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ እንዘጋለን። ወረቀት ላይ ግን ማን ይከለክለኛል፤ እንደ ልቤ እቀባጥራለሁ።

አሁን ቁጭ በይ። ቆመሽ የምትሰሚው ወሬ አይደለም። መኪና አገኘሁ!

የጥርስ ሐኪሙን አትረሺውም፤ የወተት ጥርስሽን ሲነቅል ጣቱን የነከስሽውን። ከተማውን ለቆ ሲሄድ፣ ጓሮው ውስጥ ሸራ ለብሳ የኖረችውን መኪናውን «ውሰዳት፣ ከአንተ ሌላ የሚያዝንላት የለም» ብሎ ሰጠኝ። ሸራውን ገለጥኩት። ኮፈኗ ረጅም፣ በሯ ሁለት፣ ከኋላ ደግሞ ለድመት ብቻ የሚበቁ ሁለት ወንበሮች። ቀለሟ ተልጧል፣ ጎማዋ ሞቷል፤ ሞተሯ ግን እንደተኛ ሕፃን ነው፣ ቀስ ብሎ የሚቀሰቅሰው ብቻ ነው የሚፈልገው።

አባትሽ ምርኩዙን ይዞ ዙሪያዋን ዞረ። ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና የነዳ ሰው ትንሽ መኪና ሲያይ እንዴት እንደሚንቅ ታውቂያለሽ።

«ስፖርት መኪና» አለ። «የጎረምሳ ዕቃ።»

«አይደለችም» አልኩት። «ግራንድ ቱሪንግ ናት።»

«እሱ ደግሞ ምን የሚሉት በሽታ ነው?»

አስረዳሁት። እኔ ራሴ የተማርኩት ሽፋኑ ከተቀደደ የውጭ መጽሔት ነው፣ መዝገበ ቃላት ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ። ስፖርት መኪና ጠዋት ወጥቶ ለምሳ የሚመለስ ነው፤ እያንዳንዱን ጠጠር ለጥርስሽ ይነግርሻል፣ ሻንጣ አያስገባም፣ ደስታው ኩርባው ላይ ያልቃል። የቤት አውቶሞቢል ቤተሰብ ይጭናል፤ ከኋላ «ደረስን ወይ?» የሚል አይጠፋም፣ ዳገት ላይም ያለከልካል። የባለሥልጣን መኪና ደግሞ ከኋላ ለሚቀመጠው ሰው የተሠራ ነው፤ ለሹፌሩ ጉልበት ያሰበለት የለም። ግራንድ ቱሪንግ ግን ለሁለት ሰው ናት፤ ጎን ለጎን ለሚቀመጡ፣ ሻንጣቸውን ለያዙ፣ ሩቅ ለሚሄዱ። ፈጣን ናት፣ ግን አትቸኩልም። አገር አቋርጠሽ ስትወርጂ ልክ እንደተነሳሽ ሆነሽ ነው የምትደርሺው፤ ወገብሽ መንገዱን ሳይሰማው።

አባትሽ ምርኩዙን ኮፈኗ ላይ አስደገፈ። «ወገብ ሳይሰማው?» አለኝ።

ገባሽ አይደል? ሰኔ ላይ ፈቃድ ስትወስጂ «እስከ ድንበሩ ከተማ እመጣለሁ፣ ከዚያ ወዲህ ከገባሁ ግን ወረቀቴ መልሶ አያስወጣኝም» ብለሻል። አባትሽን ደግሞ በአውቶቡስ ማምጣት አይታሰብም፤ ባለፈው ለአጭር መንገድ ተሳፍሮ ሲወርድ ሁለት ሰው ነው የደገፈው። ስለዚህ በእሷ እንመጣልሻለን። አባትሽ ይነዳል፤ እሱ መሪ ለሰው ሰጥቶ አያውቅም። እኔ ጎኑ ተቀምጬ አናድደዋለሁ።

ገንዘብ አልፈልግም። የመሪው ዘንግ ሁለቱ ጫፎች አልቀዋል፣ እዚህ ደግሞ አይገኙም። ከዚያ ፈልጊልኝ። ሥዕሉን ከዚህ ወረቀት ጀርባ ሠርቼልሻለሁ፤ አጥንት ቢመስልሽም አጥንት አይደለም።

ፈጣሪ ከፊትሽም ከኋላሽም ይሁን።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 3

ለውድ አጎቴ፤

ይህ ደብዳቤ በጤና ያግኝህ፤ ጣሪያህም ለቅሶውን ያቁም። እኔ ደህና ነኝ። የእኛ ክፍል እንደምታውቀው ምድር ቤት ነው። አንሶላ ከማሽን ይወጣል፣ እንተኩሳለን፣ እናጥፋለን፣ ደግሞ ይመጣል። ሰው እላይ ይተኛል፣ እኛ እታች እንቅልፉን እናጥብለታለን።

የአሮጌ መኪና መለዋወጫ ብቻ የሚሸጥ ሱቅ አገኘሁ። ሻጩ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሽማግሌ ነው። ሥዕልህን ገለባብጦ አየውና «ይህን የሣለው ሰው የእንስሳት ሐኪም ነው?» አለኝ። መካኒክ ነው አልኩት። የመኪናዋን መልክ ስነግረው ግን ከወንበሩ ተነሳ።

«ማን ነው የሚነዳት?»

«አባቴ።»

«እስከ የት?»

«እኔ እስካለሁበት።»

ከዚያ በኋላ አልቀለደም። ዕቃውን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ እንደ ዕንቁላል በሁለት እጁ ሰጠኝ።

አለቃዬ ፈቃዱን ሰጥታኛለች። አብረውኝ ለሚኖሩት ሁሉ አውርቻለሁ፤ አሁን «መኪናዋስ?» እያሉ የሚጠይቁኝ እነሱ ናቸው። ስንገናኝ እንዲህ ነው የምናደርገው፦ አባዬ ይነዳል፣ እኔ ጎኑ እቀመጣለሁ፣ አንተ የድመቷ ወንበር ላይ ትታጠፋለህ። ከተማዋን አንድ ዙር ያዞረኛል። ከባድ መኪናው ላይ አንድ ቀን እንኳን አሳፍሮኝ አያውቅም፤ «ሥራ ነው» ነበር መልሱ። አሁን ሥራ የለውም።

አጎቴ፣ አንድ ነገር። በመጨረሻ የላክህልኝ ፎቶ ላይ አባዬ ተቀምጦ ነው። ከዚያ በፊት የላክኸውም ላይ ተቀምጦ ነው። እስቲ ቆሞ አንሳልኝ።

የምትወድህ ፍሬቻ


ጥር 8

ለፍሬቻ፣ ለአንሶላዎች ሁሉ እመቤት፤

ሰላምታዬ እንፋሎቱ ሳያረጥበው ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን። የመሪው ጫፎች ልክ ገብተዋል። ለሻጩ «የእንስሳት ሐኪሙ አመስግኖሃል» በይው።

ሰፈሩ ሥራ ፈትቶ እሷን ማየት ይዟል። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጣ።

«ስንት ሰው ትጭናለች?»

«ሁለት።»

«ይህን ሁሉ ረዝማ?»

«አዎ።»

«ብስክሌትም ሁለት ይጭናል» ብሎኝ ሄደ።

ዳቦ ጋጋሪው ደግሞ ምን እንደምትጠጣ ጠየቀኝ። «ያደረ ሊጥ» አልኩት። በማግስቱ በጣሳ ይዞ መጣልኝ! ለአባትሽ ስነግረው ሳቀ፣ ሳቀና «ተው፣ አታስቀኝ» አለኝ፣ አልጋውን ጨብጦ። ሳቅ የሚከለክል ሰው ሆኗል፣ ተመልከቺ።

አሁን የምፈልገው ሌላ ዕቃ ነው። የጎን ወንበሩ ማጋደሚያ ጥርሱ ረግፏል። ወደ ኋላ ጋደም እንዲል እፈልጋለሁ፤ በደንብ ጋደም እንዲል። መሪውን እኔ ነኝ የምይዘው። አባትሽ ቁልፉን ሰጥቶኛል። አትገረሚ፤ የተሳፋሪነትን ጣዕም አንድ ጊዜ ልየው ብሎ ነው። «ማርሽ ስትቀይር እንደ ሰው ቀይር፣ ጥርስ የምትፍቅ አታስመስለው» ብሎ አስጠንቅቆኛል። የሚሳደብ ሰው ጤነኛ ነው።

ፎቶ አንሺው ካሜራው ተበላሽቶበታል። ሲሠራለት ይነሳል።

ደግ ደጉን ያሰማሽ።

አጎትሽ


የካቲት 2

ለውድ አጎቴ፤

ለጤናህ እንደምን አለህ? እኔ ደህና ነኝ። ማጋደሚያውን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ፤ ሻጩ በዘይት ነክሮታል፣ ስትፈታው ልብስህን ጠብቅ።

አባዬ ቁልፍ ሰጠህ? እኔ የማውቀው አባዬ እጁ ተሰብሮ በጄሶ ታስሮ እንኳን «ነዳጅ ማደያ ድረስ ንዱልኝ» ያላለ ሰው ነው። አንድ እጁ ማርሽ ላይ፣ ጄሶው መሪ ላይ፣ እናቴ ነፍሷን ይማረውና ከደጃችን ሆና ከኋላው ስትጮህ ትዝ ይለኛል።

አንድ መስመር ጻፍልኝ፤ ያለ ቀልድ። ምን ያህል ይራመዳል? ጎን ተቀምጦ ቢመጣ ለእኔ ምንም አይደለም። ተኝቶም ይምጣ። ብቻ ንገረኝ። ከዚህ ሆኜ ማድረግ የምችለው ነገር የለም፤ ማወቅ ግን እችላለሁ።

ፍሬቻ


የካቲት 28

ለፍሬቻ፤

ጤናሽ እንደ ምኞቴ ይሁን። አንድ መስመር ያለ ቀልድ ብለሻል። ይኸው፦ አባትሽ ይበላል፣ ይሰማል፣ ይሳደባል። መስመሩ አለቀ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። መኪናዋን ከጋራዡ አውጥቼ በአባትሽ መስኮት ሥር አቁሜያታለሁ፤ ከትራሱ ቀና ሲል ኮፈኗ ይታየዋል። ቀለም ስቀባት ከመስኮቱ ሆኖ «እዚያ ጋ አለፍክ፣ እዚህ ጋ አወፈርክ» ይለኛል። ሥራ አስኪያጅ ቀጥሬያለሁ ማለት ነው።

መስኮቱ ሥር ሆኜ ነው ትልቁ ሐሳብ የመጣልኝ። የዚህች መኪና ጌጥ ምቾት አይደል? ምቾቷን ለምን አልጨምርላትም? ከሥር የሚሸከማት ሞላ ደረቅ ነው። የተጣለ ታክሲ ሞላ አለኝ፤ ቀጭን፣ ለስላሳ። እሱን ብገጥምላት አባትሽ ጥጥ ላይ ተኝቶ ይመጣል። ከአንቺ የምፈልገው የሞላውን ንረት የሚያበርደው ሾክ አብዞርበር ነው፤ አራቱንም። ካለው ሁሉ ለስላሳውን ስጠኝ በይው።

አብዝተሽ አታስቢ። ማሰቡን ለእኔ ተይው፣ እኔ ያለ ደመወዝ አስባለሁ።

አጎትሽ


መጋቢት 14

አጎቴ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ስልካችሁን ብሞክር መስመሩ አልገባ አለኝ፤ በጥድፊያ ነው የምጽፈው፤ ፖስታ ቤቱ ሊዘጋ ነው።

የታክሲውን ሞላ አትግጠመው! ሻጩ ስነግረው መነጽሩን አወለቀ። «ለስላሳነት የሊሞዚን ነው፣ ድርቀት የስፖርት መኪና ነው፤ ያቺ መኪና የቆመችው መሃል ላይ ነው፣ ተአምሯም እሱ ነው» አለኝ። ሞላዋ ጉድጓዱን ይውጣል፣ ግን አካሏን አይለቅም፤ ከለቀቀ መኪናዋ ትዋልላለች፣ የተቀመጠው ሰውም ራሱን ለመደገፍ ወገቡን ሲያጠነክር ይውላል። እኔም ይህን ከአልጋ አውቀዋለሁ። እላይ ፎቅ በጣም ለስላሳ ፍራሽ ያለበት ክፍል አለ፤ እዚያ የሚያድር እንግዳ ጠዋት ጀርባውን ይዞ ነው የሚወርደው።

ሾክ አብዞርበሩን ሆን ብዬ አልላክሁም። የቀድሞውን ሞላ ሳትነካው ተወው። ይህ ደብዳቤ ቀድሞ እንዲደርስህ እየጸለይኩ ነው።

መስኮት ሥር አቁሜያታለሁ ያልከውን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት።

ፍሬቻ


መጋቢት 16

ለፍሬቻ፤

ጤና ይስጥልኝ። የላክሁት ደብዳቤ ገና አልደረሰሽ ይሆናል። ዕቃው እስኪመጣ አላስቻለኝም፤ የታክሲውን ሞላ ከነሾክ አብዞርበሩ ገጠምኩት። ቆማ ሳለች ኮፈኗን ብትጫኚው እንደ ሊጥ ገብቶ ይወጣል። አባትሽም ከመስኮቱ አይቶ «አልጋ አደረግካት» አለኝ። ደስ አለኝ።

ትናንት እስከ ድልድዩ ሞከርናት። አናጢው ጎረቤታችንና እኔ ተሸክመን አስቀመጥነው፤ መሸከም ያልኩት ደገፍ ማድረግ ነው። ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ አለ። «መንገድ ላይ ነን?» አለኝ። «ነን» አልኩት። «እንግዲህ እውነትህን ነው» አለ።

ከዚያ ኩርባው መጣ። መኪናዋ እንደ ጀልባ ወደ ጎን ተኛች፣ ስትመለስም አልፋ ወደዚያ ተኛች። አባትሽ በሩን ጨበጠ፣ እኔን ጨበጠ። በሚቀጥለው ኩርባ ያቆምኩት እኔ አይደለሁም፣ ድምፁ ነው ያስቆመኝ። መንገዱ ዳር ሣር ላይ አስተኛሁት። የበላውን አወጣ። አንድ መኪና ቆሞ «እንርዳችሁ?» አለን፤ ምን ብለው እንደሚረዱን እነሱም እኔም አላወቅንም።

«ታናሼ፣ መልሰኝ» አለ።

ቀስ ብዬ መለስኩት። ትንሽ ነገር ናት፣ ትስተካከላለች። የወንዙ ዳር ነፋስ ግን ጥሩ ነበር።

አጎትሽ


ሚያዝያ 6

አጎቴ፤

እንዴት ሰነበትክ?

የመጋቢት ደብዳቤህ ደረሰኝ። የእኔ አንተ ጋ የደረሰው ነገሩ ካለፈ በኋላ እንደሆነም ገባኝ።

ደብዳቤዎችህን ሁሉ አልጋዬ ላይ ደርድሬ የላክህልኝን የዕቃ ጥያቄ ብቻ አነበብኩ። በመጀመሪያ መሪ። ከዚያ ወንበር ማጋደሚያ። ከዚያ ጥጥ የሚሆን ሞላ። አባዬ መሪ ላይ ነበር፣ ጎን ሄደ፣ ጋደም አለ፣ ከዚያ ተሸከማችሁት። ይህን የነገረኝ አንተ አይደለህም፤ ዕቃው ነው። ወደ የት እንደምታጠፊ ዓይንሽ ቀድሞ ይናገራል ብለህ ፍሬቻ ያልከኝ አንተ ነህ። አንተ ግን ሳታበራ ነው የታጠፍክብኝ።

አጎቴ፣ ደብዳቤህንም እንደ መኪናዋ አለስልሰህብኛል። እያንዳንዱን ጉድጓድ በቀልድ እየሸፈንክ፣ እኔ እዚህ ምንም የምይዘው አጥቼ እዋልላለሁ። የቀድሞውን ሞላ መልሰው። ደረቁን ንገረኝ።

ይቀመጣል ወይስ አይቀመጥም?

ፍሬቻ


ሚያዝያ 24

ፍሬቻ፤

አይቀመጥም።

ቀጥ ብሎ የሚቆየው ትኩስ ሻይ ተቀድቶ እስኪበርድ ነው። ሐኪሙ የነገረን ጥር ላይ ነው፤ ወገቡን የጎዳው መንገድ ብቻ አይደለም፣ አጥንቱ ውስጥ የገባ ክፉ ነገር አለ፣ ወደ ላይም ወጥቷል። የሚሰጡት ማስታገሻ ብቻ ነው። «ለልጅቷ እንዳትነግራት» ብሎ አስማለኝ፤ «ሥራዋን ጥላ ትገባና መውጫ ታጣለች።» ማልኩለት። ሰው የማስቅበትን እንጂ ሌላ መሸፈኛ አላውቅም፣ በእሱ ሸፈንኩት።

ሞላዋን መልሻለሁ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ መኪናዋ ሥር በጀርባዬ ተኝቼ፣ የታክሲውን ሞላ ስፈታ ነው። ትናንት ብቻዬን ያንኑ መንገድ ነዳኋት። ያ ኩርባ ጋ ስደርስ መሪውን በሁለት እጄ ያዝኩ። ምንም የለም! መንገዱን ይዛ ዞረች፤ ጉድጓዱም ሩቅ ቦታ እንደሚንኳኳ በር ብቻ ተሰማኝ። መጽሔቱ ላይ የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው። ድልድዩ ላይ አቁሜ ዙሪያዋን አየሁ። የምፈታው፣ የማጠብቀው፣ የምቀይረው ነገር አልቀረም። የተበላሸው አባትሽ ነው፤ እሱን ደግሞ በየት በኩል እንደምከፍተው አላውቅም።

እንዳትመጪ ልጽፍልሽ ነበር። አባትሽ ብዕር ስይዝ በመስኮቱ አየኝና ጠራኝ።

«ሁሉንም ንገራት» አለ። «ከዚያ ሂድ።»

«አንተ ሳትኖር?»

«ሂድ አልኩህ። መንገድ ላይ ብቻዋን እንዳትቆም።»

«ምን ልበላት?»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «አንድ ዙር አዙራት» አለ።

ከዚህ ሌላ የምጽፈው የለም።

አጎትሽ


ግንቦት 15

ለአጎቴ፣ ለአባዬም፤

ጤናችሁን እየጠየቅሁ መጻፍ አስፈራኝ፤ ግን እጠይቃለሁ። እንዴት ናችሁ?

ደብዳቤህን ያነበብኩት ታጥፎ የተከመረ አንሶላ ላይ ተቀምጬ ነው። አለቃዬ ልትቆጣ መጥታ፣ አይታኝ ተመለሰች። ከዚያ ወረቀት የሚሰጡበት መሥሪያ ቤት ሄድኩ። መስኮቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ ክፉ አይደለም። አባቴ ታሞ ነው አልኩት። «አዝናለሁ። ግን አገርሽ ከገባሽ ገባሽ ነው፤ መመለሻ አልሰጥሽም» አለኝ። ከኋላዬ ያለው ሰው «ጨረስሽ?» አለኝ። ጨረስኩ።

ሁሉን ትቼ ልግባ ብዬ ሻንጣዬን አውርጄ ነበር። አባዬ የሚታከመው ከዚህ በምልከው ገንዘብ መሆኑ ትዝ ሲለኝ መልሼ ሰቀልኩት።

ሰኔ እመጣለሁ። ሻጩ «ሞላው ተመለሰ?» ብሎኝ፣ ተመለሰ አልኩት። «እንግዲያው አባትሽ እንደ ንጉሥ ይመጣል» አለኝ። አዎ አልኩት።

ለአባዬ ይህን አንብብለት፦ አልተቀየምኩም። ከባድ መኪናው ላይ ስላላሳፈርከኝም አልተቀየምኩም።

ፍሬቻ


ሰኔ 26

ለምወድሽ ለፍሬቻ፤

በሰላም ወደ ሥራሽ መግባትሽን እመኛለሁ። እኔ ገብቻለሁ። አባትሽ አለ።

አንቺ የነበርሽበትን መልሼ አልነግርሽም። የድንበሩ ከተማ ዋና መንገድ አጭር መሆኑን፣ አንዱ ዙር ቶሎ አልቆ ደግመን መዞራችንን፣ ከኋላ ያለው የድመት ወንበር ላይ የአባትሽ ኮት ብቻ መቀመጡን ታውቂያለሽ። የማታውቂውን ልንገርሽ።

አውቶቡስሽ ከሄደ በኋላ መኪናዋ ውስጥ ስገባ የጎን ወንበሩን ወደ ፊት ስበሽው እንደሄድሽ አየሁ። እኔ ለአባትሽ እግር ብዬ መጨረሻ ድረስ ወደ ኋላ ገፍቼው ነበር። መካኒክ ነኝና እጄ ሊመልሰው ሄደ። ተውኩት።

ስመለስ መኪናዋ አንድ ነገር አላጠፋችም። ዳገቱን እንደ ሜዳ ወጣችው፣ ኩርባዎቹን ሁሉ መንገዱን ይዛ ዞረች። በር ላይ ስወርድ ወገቤን ዳበስኩት፤ ምንም የለም። ልክ እንደተነሳሁ ደረስኩ። እንዲህ ሆኖ መድረስ የሚያሳፍር መሆኑን መጽሔቱ አልጻፈም። የሆነ ቦታ ሊያመኝ ይገባ ነበር።

አናጢውና ሚስቱ ሲያስታምሙት የሰነበቱት አባትሽ ሞተሩን ሰምቶ ነቅቶ ጠበቀኝ። ስለ መልክሽ ጠየቀኝ። ወፍረሻል ብዬ ዋሸሁት፣ እሱም አላመነኝም። ከዚያ «የት ነው የተቀመጠችው?» አለ። በመስኮቱ አሳየሁት። ብዙ ካየ በኋላ «ውሰዱኝ» አለ።

አናጢው የምንሸከምበት ጣውላ ይዞ መጣ። አስቀመጥነው። ጉልበቱ ዳሽቦርዱን ነካ፤ ረጅም ሰው አይደል።

«ማን ነው ይህን የሳበው?»

«ልጅህ ናታ።»

ሳቅ ቢጤ ወጣው። «እግሯ አላደገም ማለት ነው።»

ጎንበስ ብዬ ወንበሩን ልመልስለት ስል «እጅህን ሰብስብ!» አለኝ። የድሮው ቁጣው ነው፣ ከየት እንደመጣ እንጃ። ሰበሰብኩ። በበኩሌ ዞሬ ገባሁና ጎን ለጎን ተቀመጥን። «አስነሳት» አለ፤ አስነሳኋት። ሞተሩ እየሠራ፣ መኪናዋ እንደቆመች፣ እሱ በፊት መስተዋቱ የቤታችንን ግድግዳ እያየ ቆየን። የአናጢው ሚስት ያመጣችለት ሻይ በሩ ላይ ተቀምጦ በረደ። አባትሽ አልተነሳም።

ከእንግዲህ ዕቃ አትላኪልኝ፤ የሚጎድላት የለም። ስትጽፊ ግን አርዝመሽ ጻፊ፣ ጮክ ብዬ ነው የማነበው። ቀልድ ካለሽም ጨምሪ፤ በቀስታ እንዲስቅ እጠብቀዋለሁ።

ያን ዕለት መኪናዋ ውስጥ እንደተቀመጥን፣ በመጨረሻ እንደ ልማዴ ልቀልድ ፈለግሁ።

«እሺ ጌታዬ፣ ወዴት ልንዳ?» አልኩት።

እጁን ወንበሩ ጠርዝ ላይ፣ አንቺ ስትስቢ የያዝሽው ቦታ ላይ አደረገ።

«ደርሰናል» አለኝ። «ሞተሩን አጥፋው።»

አጠፋሁት።

አጎትሽ